መቶ ሚሊዮን ከአንድ

ፀጉር አስተካካዩ ሲደውል ሚጢ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። እያረመች ማለት በየወረቀቱ እየተቆጣች ማለት ነው።

«አባትሽ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል» አላት።

«ተው እንጂ፣ አባዬን በቀደም አይደል እንዴ የቆረጥከው?»

«ለፀጉር አይደለም። ዋናው አስፋልት ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው መኪና ሲያስቆሙ ነው ያገኘኋቸው። ጨርቁን አንገታቸው ላይ አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ለመቆረጥ የመጡ መስሏቸው ፀጥ ብለዋል። ትንሽ ከቆዩ ግን ስለ ቀሪ ሊጠይቁኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አሁንም አላውቀውም። ቶሎ ነይ።»

ሰውየው የአባቷ ተማሪ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ የወደቀ። በሰፈሩ ውስጥ አባቷን «ጋሽ ቀሪ» የማይል የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር፣ ተማሪው ሊያካፍል ጠመኔ ገና ከማንሳቱ «ቀሪውስ?» ይለው ስለነበር ስሙ በዚያው ወጣለት። የሚጠላው መስሏቸው ከኋላው ነበር የሚጠሩት። እሱ ግን ይወደው ነበር።

ሚጢ ወረቀቶቹን እንደተበተኑ ትታ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሆና መጀመሪያ ያሰበችው ስለ አባቷ ሳይሆን ስለ እህቷ ነው። እታለም ዛሬ ከምትኖርበት ከተማ ትመጣለች። ይህን ከሰማች አለቀ፤ አባታቸውን መኪና ውስጥ አስገብታ ይዛው ትሄዳለች።

እታለም ሐሳቡን ካመጣችው ቆይታለች። እሷ ጋ ትርፍ ክፍል አለ፣ ልብስ የምትሰፋው እቤቷ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋም። የአባታቸው ሐኪምም ብትሆን መርምራው «ብቻቸውን ባይሆኑ ይሻላል፤ መቼ እንደሆነ ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም» ብላለች። ሚጢ ናት አሻፈረኝ ያለችው። አባቷ ሕመሙ ገና ሲጀምረው፣ አእምሮው ሙሉ በሆነበት አንድ ቀን፣ «ከዚህ ቤት እንዳታስወጡኝ» ብሏት ነበር። «አላስወጣህም» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። እነሱ ድሮም ብዙ ነገር አያነሱም።

ሁለቱ የሚነጋገሩት በቁጥር ነበር። በዚያ ቤት ቁጥር ይፈለፈላል፤ ቃሉን ያመጣው አባትየው ነው። አንድ ቁጥር ይዞ ምን በምን ተባዝቶ እንደተገኘ መፈለግ፣ የተገኘውን እንደገና መክፈል፣ ከዚያ ወዲያ የማይከፈሉት ብቸኛ ቁጥሮች እጅ ላይ እስኪቀሩ ድረስ፤ ልክ የአተር እሸት እንደመፈልፈል። ልጆች እያሉ እራት ላይ ለሁለቱም ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቀድማ የፈለፈለች ከጠረጴዛው ትነሳለች፣ የቀረችው ሳህን ታጥባለች። ሚጢ በሰባት ዓመቷ በአምስት ዓመት የምትበልጣትን እህቷን ቀደመቻት፤ ከዚያ ወዲያ እታለም ከሳህን ማጠቢያው ፊት ዞር ብላ አታውቅም። «እኔ ሒሳብ የጠላሁት በሳሙና ነው» ትላለች።

እናታቸው የተቀበረች ዕለት እንኳን፣ ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያልቅ አባትየው ሚጢን ጠርቶ አንድ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ሰጣት። አጠገቡ ተቀምጣ ፈለፈለችው። እሱም አላለቀሰም፣ እሷም አላለቀሰችም። እታለም የሁለቱንም ድርሻ ወጥ ቤት ሆና አለቀሰች።

እናም ሚጢ ሥርዓት አወጣች። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ትገባለች፤ አባቷ ሻይ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፣ እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቁጥር ትጠራለች። እሱ በቃሉ ይፈለፍለዋል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። «ቁጥር ያቃተው ቀን ትወስጂዋለሽ» አለቻት እህቷን በስልክ። «እስከዚያ ድረስ አባዬ አባዬ ነው።»

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ እህቷ ቀድማታለች። የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። አባታቸው ነጩን ጨርቅ እስከ አንገቱ ለብሶ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል፤ ነጠላ ጫማው ከሥር ወጣ ብሎ ይታያል።

«በነጠላ ጫማ፣ ሚጢ። አስፋልት ላይ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽስ?»

«ሰው አንድ ቀን ጫማ ይረሳል። ዛሬ ጠዋት ስድስት አሃዝ ፈልፍሎልኛል።»

«እናንተ ትፈለፍላላችሁ፣ እኔ በመጣሁ ጊዜ ሁሉ ካልሲ ከፍሪጅ አወጣለሁ።»

«ካልሲ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ወንጀል ነው?»

«እንዲያውም በዚህ ሙቀት...» ብሎ ጀመረ ፀጉር አስተካካዩ። እታለም ዞር ብላ አየችው። ወደ ማበጠሪያዎቹ ተመለሰ።

አባታቸው ከመስታወቱ ውስጥ ለታላቋ ልጁ ፈገግ አለ። «እታለም፣ መቼ መጣሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባዬ። የት ልትሄድ ነበር?»

«ጉዳይ ነበረኝ» አለ፤ ከዚያ ጉዳዩ ምን እንደነበር ሊያስታውስ ይመስል ግንባሩን ቋጠረና ተወው።

ቤቱ ከፀጉር ቤቱ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አባታቸውን ደረጃውን አውጥተው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጡት። እታለም ሻይ ጣደች፤ ጣዳም የምድጃው ማብሪያ ሳይዘጋ እንደቆየ በዓይኗ ለእህቷ አሳየች። ሚጢ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ ነገሩን በአጭሩ ልትቀጨው ፈለገች፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«አንድ ነገር እናድርግ። አሁን አንቺ ፊት እጠይቀዋለሁ። ሰጥቼው የማላውቀውን፣ ከባዱን። ካቃተው ዛሬውኑ ይዘሽው ሂጂ። ካላቃተው ግን ይህ ወሬ አይነሳም።»

«በአባታችን ነው የምትወራረጂው?»

«በማውቀው መለኪያ ነው የምለካው። አንቺ ጨርቅ በሜትር አትለኪም?»

«ጨርቅ ነው እኮ እሱ» አለች እታለም። ከዚያ መከራከሩ የሰለቻት መሰለች። «እሺ። ጠይቂው።»

ሚጢ ቁጥሩን ያዘጋጀችው ቀደም ብላ ነበር። ቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ ፈልፍላ መልሱን አይታ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ነው። ዜሮ በዜሮ የሆነ ቁጥር፤ የሚያዝበት እጀታ የለውም። ወንበር ስባ እንደመቀመጥ እንደወትሮዋ ቆማ ጠራችው።

«መቶ ሚሊዮን ከአንድ።»

አባቷ ከፊቱ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ወደ ጎን አደረገ። የዓይኑ ጭጋግ ሲገፈፍ ይታያል፤ ሚጢ በየጠዋቱ የምትመጣው ይህን ለማየት ነው።

«መቶ ሚሊዮን ከአንድ» አለ ቀስ ብሎ። «ክፉ ነው። ሁለትና አምስት በሩን አይረግጡም። ሦስት፣ አሃዞቹ ሲደመሩ ሁለት፤ አይሆንም። ሰባት...» ጣቱ ላስቲክ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። «ቀሪ ሦስት። ሂድ። አሥራ አንድ፣ ቀሪ ሁለት። አሥራ ሦስት፣ ቀሪ አሥር። ኧረ ይሄ ኩሩ ነው! አሥራ ሰባትን እንየው።»

እታለም እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ተደግፋለች።

«መቶ ለአሥራ ሰባት፣ አምስት፤ ቀሪ አሥራ አምስት። መቶ ሃምሳ፣ ስምንት፤ ቀሪ አሥራ አራት። መቶ አርባ፣ ስምንት፤ ቀሪ አራት። አርባ፣ ሁለት፤ ቀሪ ስድስት። ስድሳ፣ ሦስት፤ ቀሪ ዘጠኝ። ዘጠና፣ አምስት፤ ቀሪ አምስት። አሁን ያቺ አንዷ ትውረድ፤ ሃምሳ አንድ። ሦስት ጊዜ።» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ቀሪ የለም!»

ሚጢ ወደ እህቷ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ደስታ ብቻ አልነበረም፤ በልጅነቷ ከጠረጴዛው ስትነሳ የምታሳየው ያው ፊት ነው። እታለም አየችው፤ ዓይኗን ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰች።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

አባታቸው ግን አልጨረሰም። ያገኛቸውን አሃዞች ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መልሶ ሰበሰባቸው፤ አምስት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሦስት። ድንገት ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ፊቱ በሙሉ ተፈታ።

«አንተ ነህ እንዴ!» አለ። «አንተ ነህ እንዴ! የት ጠፍተህ ከረምክ!»

እታለም ማን እንደገባ ልታይ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልገባም። የሚያናግረው ቁጥሩን ነበር።

«አምስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት» አለ፤ የቅርብ ዘመዱን በሙሉ ስሙ የሚጠራ ይመስል። «ይሄን ከዚህ በላይ አትልፊበት፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ምናምን በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ በእጄ ሞክሬበታለሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሙቀቱ አላስተኛት ብሎ አጠገቤ ተጋድማ ታየኛለች። አንዱንም አልተቀበለም። አንዱንም! ግን ጉዱ ሌላ ነው። ነይ ተቀመጪ፣ ይሄ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።»

ሚጢ ተቀመጠች። ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

«ለሁለት ቁረጪው። አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት በዚህ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት በዚያ። ቆረጥሽ? እያንዳንዱን በራሱ አባዢው። የመጀመሪያው ሦስት መቶ አርባ አምስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ አራት ይሆናል። ሁለተኛው አምስት ሚሊዮን አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ዘጠኝ። አሁን ደምሪያቸው።»

ደመረችው። በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ እንደገና ደመረችው፤ ስለተጠራጠረች ሳይሆን ስላማራት።

«ራሱ ነው» አለች። «ራሱ ተመልሶ መጣ።»

«መጣ!» ሳቀ አባቷ። «ለሁለት ቆርጠሽው፣ በየራሱ አባዝተሽው፣ ሁሉን አድርገሽው፣ መልሶ ራሱን ይሆናል። ስንቱ ቁጥር ይህን ያደርጋል? እኔ ነኝ ያገኘሁት እላለሁ እንጂ ሌላ ሰው ቀድሞ አግኝቶት ይሆናል፤ ግድ የለኝም።»

«ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?» አለች ሚጢ። ድምጿ ውስጥ ቅሬታ ነበረ፣ ግን የደስ ደስ ያለው ቅሬታ።

አባቷ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ፤ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው።

«ለልጄ ነው ያስቀመጥኩት። ለትንሿ። ባለ አራት አሃዝ በቃሏ ማባዛት ስትችል አሳያታለሁ ብዬ። አሁን እንኳን ትችላለች፤ ግን አትቀመጥም። ቁጥሯን ከፈለፈለች ብድግ ነው። ተቀመጪ ስላት ጨርሻለሁ ትለኛለች።» ጣቱን አነሳ። «አደራ፣ ብታገኚያት እንዳትነግሪያት። እኔ ነኝ የማሳያት።»

ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል። እታለም ልታጠፋው ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«አባዬ» አለች ሚጢ። «እኔ ማን ነኝ?»

«አንቺማ ጠዋት ጠዋት የምትመጪዋ ነሻ» አለ አባቷ፣ በጨዋ ሰው ፈገግታ። «ቁጥር ይዘሽልኝ የምትመጪዋ። ስምሽን አለመጠየቄን አትቀየሚኝ፤ ስንቱን ተማሪ አስተምሬ፣ ሰው ፊት ስም ጠፋኝ ማለት ያሳፍራል። ቁጥሮችሽ ግን ጥሩ ናቸው። ጎበዝ ነሽ።»

ሚጢ ያለፉትን ወራት ጠዋቶች በሙሉ ወደ ኋላ ሄዳ ማየት ጀመረች። ገብታ ቁጥር ጠርታለች። መልሱን ሰምታለች። ልክ ነው ብላ ወጥታለች። እንዴት አደርክ እንኳን ያለችው ደረጃው ላይ ሆና ነው። ቁርስ በላህ፣ ማን መጣ፣ እኔን ታውቀኛለህ ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ እነዚህ እታለም የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ የማይፈለፈሉ። አባቷም የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። እንግዲህ ስንት ጠዋት ነው እሱ ለማያውቃት ሴት ልጅ በትሕትና ቁጥር ሲፈለፍል የኖረው? ይህ ማወቂያ የለውም።

እታለም ነበረች የቀደመችው። «አባዬ፣ ሚጢ እኮ ናት! ይቺ እኮ ናት ሚጢ!»

«አትቀልጂ» አላት አባቷ፤ ፊቱ ቅጭም አለ። «ሚጢ ይቺን ታክላለች?» እጁን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ቁመቷን አሳየ። እጁ እዚያው አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደና ደነገጠ። «ትምህርት ቤት ተለቋል! እናንተ በወሬ ይዛችሁኝ! በሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ መንገድ ትሻገራለች እኮ እሷ፣ ግራ ቀኝ አታይም፣ ትቸኩላለች!»

ተነሳ። ብርጭቆው ተደፋ። እታለም ክንዱን ስትይዘው በጉልበት አላቀቃት፤ ያ በሕይወቱ እጁን አንስቶባቸው የማያውቅ ሰው።

«ልቀቂኝ! ጠዋትም ስሄድ ያ ፀጉር ቆራጭ መለሰኝ! ልጄን መንገድ ላይ ጥዬ!»

አስፋልቱ ላይ የቆመው ለዚህ ነበር። ሚጢ ከወንበሯ ሳትነሳ ይህንንም ሰማች፤ በነጠላ ጫማ መኪናውን ሁሉ ሲያስቆም የነበረው እሷን ሊያሻግር ነው።

«አባዬ፣ በእግዜር፣ ተቀመጥ፣ ማንም የለም እዚያ...» እታለም ማልቀስ ጀምራለች። ልቅሶዋ ይበልጥ አስደነገጠው። «ምን ሆነች? ምን ሆነች ልጄ?»

ሚጢ ብድግ አለች። የምትለው ነገር ከየት እንደመጣላት አላወቀችም፤ ግን እንደ መልስ ሁሉ ጥርት ብሎ መጣ።

«እታለም ቤት ናት» አለችው።

አባቷ ዞረ። «ማን?»

«ሚጢ። ትምህርት ቤት አይደለችም ዛሬ። እታለም ወስዳታለች። እዚያ ነው የምትጠብቅህ።»

አባቷ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ። እታለም እህቷን አየቻት፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ገባት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አዎ» አለች። «እኔ ጋ ናት።»

«ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» አለ፣ ትንፋሹ እየተመለሰ። «ሰው በነጠላ ጫማ ታስሮጣላችሁ! እራቷን በላች?»

«ትበላለች» አለች ሚጢ። «አንተ ስትደርስ።»

«ሳላያት አትተኛም እሷ። እንሂድ እንጂ፤ ምን ትገትሩኛላችሁ?»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ቀላል ሆነ። ሚጢ ለወራት ስትከላከል የኖረችው ነገር በአንድ ሻንጣ አለቀ። ሸሚዞቹን እሷ አጣጠፈች፣ መድኃኒቱን እታለም ሰበሰበች። አባታቸው ጫማውን ራሱ አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ግን አልቻለበትም፤ ሚጢ ተንበርክካ አሰረችለት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አላት። ቤቱን ዞሮ አላየም። ከዚህ ቤት እንዳታስወጡኝ ያለው ሰው ደረጃውን ሲወርድ ሁለት ሁለቱን ሊዘል ምንም አልቀረው፤ ልጁ ትጠብቀዋለች።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። «ጋሼ፣ ጉዞ ነው እንዴ?»

«ልጄ ጋ ልሄድ ነው።»

«የትኛዋ ልጅዎ...» አለና የሚጢን ፊት አይቶ ምላሱን ነከሰ። ሻንጣውን ተቀብሎ መኪናው ኋላ ጫነ።

እታለም መሪው ጋ ከመግባቷ በፊት እህቷን ያዘቻት። «እንደዚህ እንዲሆን አልነበረም የፈለግኩት። ማርያምን።»

«አውቃለሁ።»

«ቅዳሜ ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ።»

«ስትመጪ እንግዲህ...» አለች እታለም የመኪናውን በር እየከፈተች። ሚጢ ስትመጣ ማን ሆና እንደምትመጣ ሁለቱም አላወቁም።

«ንጂ በይ፣ ሳይመሽ» አለች ሚጢ።

ሞተሩ ተነሳ። አባቷ ቀበቶውን ታስሮ ወደ ፊት ወደ ፊት ያያል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለና መስኮቱን ወደ ታች አወረደ፤ አንገቱን አውጥቶ ፈለጋት።

«የኔ ልጅ» አላት። «ነገ ጠዋት እንዳትለፊ። ቤት የለሁም።»

«እሺ» አለች ሚጢ። «እሺ፣ መምህር።»